ዝናብ ሲመጣ ክራሩ የሚሰማበት ትምህርት ቤት

አርሲ ውስጥ፣ ሲሬ ከተማ ላይ ክራር ሊያስተምር ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ቀና ብሎ ጣሪያውን ይመልከት። ትምህርት ቤቶቻችን የቆርቆሮ ክዳን ናቸው። ሰኔ ላይ፣ ፈተና ሲቃረብ፣ ከሰዓት በኋላ ዶፉ ሲለቀቅ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ እስኪያባራ ይቆማል፤ ቢጮኽም የሚሰማው ከፊት ወንበር የተቀመጠው ልጅ ብቻ ነው። ክፍለ ጊዜው የሒሳብ ከሆነ ሰሌዳው ላይ ጽፎ ማካካስ ይችላል። የሙዚቃ ትምህርት ግን ድምፅ ነው። ዝናብ የወሰደውን የክራር ሰዓት ሰሌዳ አይመልሰውም።

እኔ ሲሬ ተወልጄ ያደግሁ ሴት ነኝ። አባቴ አናጢ ነበር፤ በልጅነቴ ሚስማርና ውኃ ልክ እያቀበልኩት ጣሪያ ሲያዋቅር አይ ነበር። ኋላ አዲስ አበባ፣ ልደታ ካለው የሕንፃ ትምህርት ቤት ገብቼ አርክቴክቸር ተማርኩ። አሁን አሰላ ተቀምጬ ፕላን እሠራለሁ፤ አብዛኛው ሥራዬ መኖሪያ ቤት፣ ሱቅና መጋዘን ነው። በቅርቡ ግን አዲስ አበባና አዳማ የሚኖሩ የአገሬ ልጆች ሌላ ጥያቄ ይዘው መጡ። ሲሬ ከተማ መሀል ልጆች ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቲያትርና ሥዕል የሚማሩበት ሕንፃ ለማሠራት እየመከሩ ነው፤ እስቲ ንድፉን አስቢበት አሉኝ። ገንዘቡ ገና አልተሰበሰበም። ንድፉን ግን አስቤበታለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም ስለ እሱ ነው። እምነቴ ይህ ነው፦ የጥበብ ትምህርት ቤት የሚነደፈው ውስጡ ከሚሠራው ሥራ ተነሥቶ ነው። ድምፁን፣ ብርሃኑንና ወለሉን ያስተካከለ ቤት በጭቃም ይሠራ በመስተዋት ጥበብ ያስተምራል። እነዚህን የሳተ ቤት ምንም ያህል ቢያምር አያስተምርም።

አሁን ያሉን መማሪያ ክፍሎች ይህን መልክ ከየት እንዳገኙ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት በጋራ አዲስ አበባ ላይ የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አቋቋሙ፤ እኔ የተማርኩበት የልደታው ትምህርት ቤት የእሱ ወራሽ ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ እነዚሁ ሁለት መንግሥታት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚሠራ ክፍል አቁመው በየክፍለ ሀገሩ በሺዎች የሚቆጠሩ መማሪያ ክፍሎችን አስገነቡ። አርሲ ስዊድኖችን የሚያስታውሳቸው እ.ኤ.አ. በ1967 አሰላ ላይ በተተከለው በጭላሎ የግብርና ልማት፣ በካዱ ነው፤ በስንዴ ዘሩና በወተት ላሙ። ከስንዴው ጎን ለጎን ግን የመማሪያ ክፍል ልክም ከእነሱ ጋር ከሠራንበት ዘመን የቀረልን ነው።

ይህ ልክ ለሁላችንም የታወቀ ነው። ሦስት ወይም አራት ክፍሎች በአንድ ረጅም የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይደረደራሉ፤ ፊት ለፊት በረንዳ፣ በሁለቱም ጎን መስኮት፣ በአንዱ ጫፍ ሰሌዳ። አከብረዋለሁ። ማንኛውም የገጠር ግንበኛ ሊሠራው የሚችል፣ ቆርቆሮውና ጣውላው ሳይባክን የሚቆረጥ፣ ብዙ ሕፃናትን ከዛፍ ጥላ ሥር አውጥቶ ቤት ያስገባ ንድፍ ነው። ሲነደፍ የታሰበው ግን አንድ ዓይነት ትምህርት ነው፦ አንድ ሰው ይናገራል፣ ሃምሳ ልጅ ተቀምጦ ያዳምጣል። ልጁ ተነሥቶ የሚዘልበት፣ ሸክላ የሚያቦካበት፣ ብቻውን ተቀምጦ ዋሽንት የሚነፋበት ቦታ በዚያ ልክ ውስጥ አልተተወለትም። ዛሬም አዲስ ትምህርት ቤት ሲሠራ ያው ልክ ይደገማል፤ ሥነ ጥበብ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አለ፣ በፕላኑ ውስጥ ግን የለም።

ከድምፅ ልጀምር፤ ከሁሉም በላይ የተቸገርኩበት እሱ ነው።

ቆርቆሮ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ክብደት ስለሌለው እያንዳንዷ ጠብታ ስትወድቅበት እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል። አባቴ ሣር ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ስለነበር ይህን ሁልጊዜ ያነሣው ነበር፤ ሣር ክዳን ሥር ዝናብ መጣ አልመጣ የሚታወቀው በሩን ከፍቶ በማየት ነው ይል ነበር። ሣሩ ወፍራምና ልስልስ ነው፤ ጠብታውን ይውጠዋል። ከተማ ውስጥ ግን ሣር ክዳን ለእሳት አደጋ ነው፣ ጥሩ የክዳን ሣርም እንደ ድሮው አይገኝም። ስለዚህ ያሰብኩት ሁለት ጣሪያ ነው። ከላይ ቆርቆሮው ዝናቡን ይከላከላል። ከሥሩ፣ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ተትቶ፣ ከቀርከሃ የተሠራ ኮርኒስ ይዘረጋል፤ በላዩ ላይ ጭድ የተቀላቀለ ጭቃ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይመረጋል። ድምፅ የሚያስቆመው ክብደት ነውና ቆርቆሮው የሚያስጮኸውን ጭቃው ያፍነዋል።

ተመሳሳይ መንገድ የተከተለ አንድ ታላቅ አፍሪካዊ አርክቴክት አለ። ፍራንሲስ ኬሬ ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ በምትባል የትውልድ መንደሩ በ2001 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ። ግድግዳውም ኮርኒሱም የሸክላ አፈር ጡብ ነው፤ የብረት ጣሪያው ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ ለብቻው ቆሟል። እሱ ያንን ያደረገው ለሙቀት ነው፤ የጋለው አየር በክፍተቱ እንዲወጣ። ሥራው በ2004 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ፤ በ2022 ደግሞ ኬሬ በአርክቴክቸር ትልቁ የሆነውን የፕሪትዝከር ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። እኛን ደገኞችን ከሙቀቱ ይልቅ የዝናቡ ድምፅ ነው የሚያስቸግረን፤ መፍትሔው ግን ሁለቱንም ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሙያዬን እበድላለሁ። አምስት ሳንቲ ሜትር ጭቃ በአንድ ካሬ ሜትር 70 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሲሬ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ደጋግሞ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ከባድ ኮርኒስ በልጆች ራስ ላይ የሚሰቅል ሰው ግድግዳውን ዙሪያውን በኮንክሪት መቀነት ማሰር፣ አግዳሚውን ማቀራረብ፣ ስሌቱንም በስትራክቸር መሐንዲስ ማስጨረስ አለበት። ጭቃ ርካሽ ስለሆነ ብቻ ያለ መሐንዲስ ይሠራ የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

ሁለተኛው የድምፅ ችግር ከዝናቡ ያነሰ ይታወቃል፣ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶቻችን በሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ኮርኒሱ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ከብሎኩ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። በአንዱ ክፍል የሚነገረው ቃል ቀጭኑን ቺፑድ አልፎ ይወጣና በሚቀጥለው ክፍል ላይ ይወርዳል። አንዱ ክፍል ውስጥ ከበሮ፣ በአጠገቡ ማሲንቆ ብታደርጉ ማሲንቆው አለቀለት። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ግድግዳውን እስከ ቆርቆሮው ድረስ ማውጣትና ክፍተቱን በጭቃ መድፈን። ለአንድ ግድግዳ ጥቂት ረድፍ ብሎኬት ነው የሚጨምረው።

ሦስተኛው ማስተጋባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ፣ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፎግ የተባለ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አስገንብቶ ከፈተ፤ በንግግር አዳራሹ ውስጥ ግን የሚነገረውን መለየት አልተቻለም። አንዱ ቃል ሳይጠፋ ሌላው ይደርስበታል። ዋላስ ሳቢን የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር እንዲያስተካክለው ታዘዘ። ሳቢን ከተማው ጸጥ በሚልበት ሌሊት የኦርጋን ቧንቧ እያስነፋ፣ ከሌላ ቲያትር ቤት የወንበር ትራስ እያስመጣና እየቀነሰ፣ ድምፁ እስኪጠፋ የሚፈጀውን ጊዜ ለካ። ባዶው አዳራሽ ድምፁን አምስት ሰከንድ ተኩል ያህል ይዞ ይቆይ ነበር። ከዚያ ልፋት የወጣው ሕግ ዛሬም የምንሠራበት ነው፦ ክፍሉ በሰፋ መጠን ድምፁ ይቆያል፤ ድምፅ የሚውጥ ነገር በበዛ መጠን ቶሎ ይጠፋል። በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በዚህ ስሌት ታግዞ ተሠራ።

የሳቢንን ስሌት ወደ እኛ ክፍል ላምጣው። ሰባት በስምንት ሜትር የሆነ፣ ከፍታው ሦስት ሜትር፣ ወለሉ ሊሾ፣ ግድግዳውም ኮርኒሱም በስሚንቶ የተለሰነ ክፍል ባዶውን ድምፅ ከአራት ሰከንድ በላይ ይይዛል። ሃምሳ ልጆች ሲገቡበት ወደ አንድ ሰከንድ ይወርዳል፤ ልብሳቸውና ገላቸው ድምፁን ይውጠዋል። የተለመደው ክፍል በንግግር ትምህርት ጊዜ ብዙም የማያስቸግረው በልጆቹ ብዛት የተነሣ ነው። የሙዚቃ መለማመጃ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ልጅና አንድ ክራር ናቸው ያሉት። ልጁ የመታው ድምፅ ከቀደመው ጋር ይደባለቅበታል፤ የተሳሳተውን ከትክክለኛው መለየት አይችልም፤ ጆሮው ሳይሠለጥን ይቀራል። ስለዚህ የመለማመጃ ክፍሎቼ ትንንሽ ናቸው፤ ግድግዳቸው ጭድ በበዛበት ሻካራ ምርጊት ይሠራል፤ በአንድ ጎን ደግሞ ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ ከግድግዳው ትንሽ ርቆ ይሰቀላል። ደጋው የበግ አገር ነው። የበግ ፀጉር ድምፅ ይውጣል፣ እሳትም እንደ ስፖንጅ በቀላሉ አይይዘውም።

ወደ ብርሃን ልለፍ። የሥዕል ክፍል ፀሐይ ራሷ የማትገባበት፣ ብርሃኗ ብቻ የሚገባበት መሆን አለበት። የፀሐይ ቁራጭ ሸራ ላይ ካረፈ ሠዓሊው የቀባውን ቀለም አያውቀውም፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ቁራጩ ቦታ ይቀይራል። አውሮፓውያን ለዚህ ያላቸው ደንብ የሥዕል ክፍልን መስኮት ወደ ሰሜን ማዞር ነው። ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ የነደፈው የግላስጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1909 ሲሠራ ትላልቆቹ የስቱዲዮ መስኮቶች ሁሉ ወደ ሰሜን ነበሩ። በ2014 እና በ2018 የተነሡት ሁለት ቃጠሎዎች ያወደሙት ይህ ሕንፃ እስካሁን የአርክቴክቸር ተማሪ ሁሉ ስለ እሱ የሚማረው ነው።

እኛ ግን ከምድር ወገብ ብዙ አልራቅንም፤ ሲሬ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ከጥቂት ላይ ናት። እዚህ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ ከራሳችን በላይ ትሆናለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ። በእነዚህ ሁለቱ መካከል የቀትር ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን በኩል ነው። የአውሮፓን ደንብ እንዳለ የገለበጠ ሰው በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ሸራው ላይ ታርፍበታለች። ደግነቱ ያኔ ከፍ ብላ ነው የምትቆመው፤ በሰኔ አጋማሽ እንኳ ከራስ አናት ወደ ሰሜን የምታዘነብለው 15 ዲግሪ ያህል ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ለሆነ መስኮት ግማሽ ሜትር የማይሞላ የጣሪያ ጥላ ቀትሩን ያስቆማል፤ ለጠዋትና ለማታ ደግሞ በመስኮቱ ግራና ቀኝ ወጣ ያለ ግድግዳ ይሠራለታል። ክረምቱ ሲገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ሰማዩም በደመና ይሸፈናል። በደቡብ በኩል ያለ መስኮት ግን ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይን ፊት ለፊት ያገኛታል፤ ለእሱ አንድ ሜትር ገደማ ጥላ ያስፈልጋል። ለምሥራቅና ለምዕራብ መስኮት የሚበቃ የጣሪያ ጥላ የለም፤ በእነዚህ በኩል ደረጃ፣ ዕቃ ቤትና መጸዳጃ ቤት አድርጌአለሁ።

ስለ ሥዕል ክፍሉ የቀረውን ባጭሩ ልበል። ሸራ የሚያሳልፍ ሰፊ በር፣ ብሩሽ የሚታጠብበት ገንዳ ከነፍሳሹ፣ የቀለም ማቅጠኛ ሽታ የሚወጣበት ከፍ ያለ መተንፈሻ፣ ያልደረቀ ሥዕል የሚቆምበት መደርደሪያ። ሸክላና ቅርፃ ቅርፅ ምድር ቤት፣ ከውኃ ቧንቧ አጠገብ። ይህን ማንም የተማረ ሰው ያውቀዋል፤ የሚረሳው በጀት ሲቀነስ ነው።

ወለሉ ግን ረዘም ያለ ወሬ አለው። የአርሲ ጭፈራ በአንገትና በእግር ነው። ሴቶቹ አንገታቸውን ሲወዘውዙ ፀጉራቸው ይበተናል፤ ወንዶቹ ይዘላሉ፣ መሬቱን ይረግጣሉ። ሜዳ ላይ ሲጨፈር ሣሩና አፈሩ እግርን ይቀበላል። ያንኑ ጭፈራ በድንጋይ ላይ በፈሰሰ ሊሾ ላይ በየቀኑ የሚለማመድ ልጅ ጉልበቱና ወገቡ ይጎዳል፤ ሊሾ ምንም አይሰጥምና። የውዝዋዜ ወለል ከሥሩ ባዶ የሆነ የጣውላ ወለል መሆን አለበት፦ መጀመሪያ አንድ ረድፍ አግዳሚ፣ በላዩ ተሻግሮ ሌላ ረድፍ፣ ከዚያ ጣውላ። የረገጡት ቦታ በትንሹ ጎንበስ ብሎ ይመለሳል። የባሕር ዛፍ እንጨት በደንብ ከደረቀ ለአግዳሚው ይበቃል። ከፍታው ደግሞ አምስት ሜትር፤ በትር ይዞ የሚዘል ወጣት በተለመደው ሦስት ሜትር ኮርኒስ ሥር አንገቱን ደፍቶ ነው የሚጨፍረው።

የውዝዋዜ አዳራሹን ቅርፅ ክብ አድርጌዋለሁ። ምክንያቱም እዚህ አገር ሰው ለጥበብ ሲሰበሰብ የሚቆመው ከብቦ ነው። ጭፈራው በክብ ነው። መንዙማ የሚባለው ከበሮውን ከብበው ነው። ሴቶች የሲንቄ በትራቸውን ይዘው ሲያዜሙ አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ተመልካች ወንበር ላይ ተደርድሮ አይጠብቃቸውም። ክቡን ቤተ ክርስቲያናችንንም ተመልከቱ፤ ከሦስቱ ክፍሎች ውጪኛው ቅኔ ማኅሌት ይባላል፤ ለዝማሬና ለአቋቋም ተብሎ የተሠራ ቦታ ነው። ለጥበብ ትምህርት የተለየ ቦታ ማበጀትም ለእኛ አዲስ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ድጓን የሚፈልግ ተማሪ ጋይንት፣ ቤተልሔም ይወርድ ነበር፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ ዙር አምባ፤ አቋቋም የሚፈልግ ጎንደር። ማደሪያው ትንሽ ጎጆ ነበረች፤ ትምህርቱ ግን ዓመታት የሚፈጅ፣ ማስመስከሪያ ያለው፣ ትልቅ ትምህርት ነው።

ክብ ግድግዳ አንድ ጉድለት አለው፤ ለስላሳ ከሆነ ድምፁን ሰብስቦ አንድ ነጥብ ላይ ይጥለዋል። በክብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሀል ላይ ያለው መቅደስና ምሰሶዎቹ ድምፁን ይበትኑታል። እኔም ዲያሜትሩ 14 ሜትር የሆነውን አዳራሽ ዙሪያውን ምሰሶ አቁሜ፣ በምሰሶዎቹ መካከል ግድግዳውን ገባ ወጣ አድርጌዋለሁ። በገባው በኩል የድንጋይ መቀመጫ አለ።

እስቲ አሁን አገራችን ያሏትን ላንሣ። አለ ፈለገ ሰላም ፍቼ ተወልዶ፣ ቺካጎ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት ተምሮ ተመለሰና በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን አቋቋመ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ይህ ትምህርት ቤት ገብረክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ያስተማሩበት ነው። የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በበኩሉ የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ አሸናፊ ከበደ ነበር፤ ሕንፃው ለሙዚቃ ትምህርት ተብሎ በቡልጋሪያ መንግሥት ድጋፍ የተሠራ ነው፤ ፒያኖና ክራር፣ ቫዮሊንና ማሲንቆ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚማሩበት። ሁለቱም አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ናቸው። የአገሪቱ ሠዓሊና ሙዚቀኛ ትውልድ ከእነዚህ ሁለት ግቢዎች የወጣ መሆኑን ሳስብ አንድ ሕንፃ ምን ያህል እንደሚሸከም ይገርመኛል። የአርሲ ልጅ ግን እዚያ ለመድረስ ቤቱን ለቆ መሄድ አለበት፤ ከመሄዱም በፊት ተሰጥኦ እንዳለው የሚያውቅበት ክፍል ያስፈልገዋል።

ከሁሉም በላይ ለሲሬ የሚጠቅመን ምሳሌ ግን ዞማ ነው። ኤልያስ ስሜ ከአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረቀ አርቲስት ነው። ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ አካባቢ ዞማ ሙዚየምን ገነባ፤ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ግድግዳው እንጨት፣ ጭቃና ጭድ ነው፤ የእኛው ሰው ሁሉ የሚያውቀው የጭቃ ቤት አሠራር። ልዩነቱ ምርጊቱ በእጅ ተቀርፆ ውብ ሆኗል፤ ውኃና እርጥበት እንዳይበላውም መሠረቱና ጣሪያው በጥንቃቄ ተሠርቷል። ግቢው ውስጥ አትክልት አለ፣ ሕፃናት የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ። የጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ነው እያልን ብሎኬት ለመግዛት በምንበደርበት ዘመን እነዚህ ሁለት ሰዎች በዋና ከተማዋ መሀል ያንኑ ጭቃ ሙዚየም አደረጉት። በልደታው ግቢም እ.ኤ.አ. በ2010 ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ተሠርቷል፤ የምድሩ ግድግዳ ተደቅድቆ የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ፎቁና ጣሪያው ያለ እንጨትና ያለ ብረት ከአፈር ጡብ በቅስት የተሠሩ ናቸው።

በገንዘብ ደግሞ በሌላው ጫፍ ላይ ሎስ አንጀለስ አለች። መሀል ከተማዋ ላይ ኩፕ ሂመልብላው የተባሉ የኦስትሪያ አርክቴክቶች የነደፉት የጥበብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፈተ፤ ከ230 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል፤ ከአውራ ጎዳናው የሚታይ የብረት ግንብም አለው። ግንቡን አልመኝም። የምመኘው አቀማመጡን ነው፦ ሙዚቃ፣ ውዝዋዜ፣ ቲያትርና የዕይታ ጥበብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቤት አላቸው፤ በጋራ አንድ ግቢ ላይ ይገናኛሉ። ይህ አቀማመጥ ለሲሬም ይሆናል።

የክፍሎች ቅደም ተከተል ገንዘብ አይጠይቅም። የታሰበው ቦታ ከመንገድ ዳር ነው፤ ባጃጁ፣ አይሱዙው፣ ከማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ። ስለዚህ በመንገዱ በኩል ራሳቸው የሚጮኹትን ክፍሎች አስቀድሜአለሁ፦ የእንጨትና የብረት ሥራ፣ ቅርፃ ቅርፅ። ግድግዳቸው ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ ነው፤ ከኋላቸው ላለው ሁሉ ጋሻ ይሆናል። ቀጥሎ ሾላ የሚተከልበት ግቢ፣ በግቢው አንድ ጎን ክቡ አዳራሽ፣ በሌላው ጎን ወደ ሰሜን የሚያዩ የሥዕል ክፍሎች፣ መጨረሻ ላይ፣ ከመንገዱ በጣም ርቀው፣ የሙዚቃ ክፍሎች።

በመንገዱ በኩል ባለው ግንብ ላይ ደግሞ ሰፊ መስኮት አለ። ልጆቹ የሠሩት እዚያ ይታያል። ይህን ያስገባሁት ለውበት ብቻ አይደለም። ብዙ ወላጅ ልጁ አዝማሪ ሆኖ እንዳይቀር ይፈራል፤ ሥዕልንም የጊዜ ማባከኛ አድርጎ ያየዋል። በገበያ ቀን እህል ሸጦ የሚመለስ አባት ልጁ የቀረፀውን በሬ በመስኮቱ ሲያየው ሊቆም፣ ሊጠይቅ፣ ሊገባ ይችላል። በሩ በገበያ ቀን ክፍት ይሁን ብዬ ለአገሬ ልጆች ነግሬአቸዋለሁ።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ላይሠራ ይችላል። ቅደም ተከተሉን ብጠየቅ መጀመሪያ ክቡን አዳራሽና ሁለት የሙዚቃ ክፍል እላለሁ፤ የሥዕል ክፍሉ ይከተላል፤ የመንገዱ ዳር ሥራ ቤት የመጨረሻው ይሁን።

የጥበብ ትምህርት ቤት የማሠራት ዕድል የሌላቸው ከተሞች ይበዛሉ። መማሪያ ክፍል ግን በየዓመቱ በየቦታው ይሠራል። የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት፣ ርእሳነ መምህራን፣ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፦ አዲስ ብሎክ ልታሠሩ ፕላን ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የክፍሎቹ ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ይወጣል ወይ? ከክፍሎቹ አንዱ ኮርኒሱ ከባድ፣ ዝናብ የማይሰማበት ሊሆን ይችላል ወይ? ዋናዎቹ መስኮቶች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያያሉ ወይ? የመጀመሪያውና የመጨረሻው የሚጨምሩት ወጪ ትንሽ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ለአንድ ክፍል ብቻ ነው። ነገር ግን መጠየቅ ያለባችሁ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ነው፤ ከጸደቀ በኋላ ኮንትራክተሩ የሚሠራው የተሰጠውን ነው። የኮርኒሱን ዝርዝር ሥዕል የሚፈልግ ትምህርት ቤት ካለ ከእኔ ያለ ክፍያ ያገኛል።